ሦስተኛው ሐዲድ፦ በሌሊት በምድር ውስጥ ባቡር ለሚጓዙ የፊዚክስ ማስታወሻ

በአዲስ አበባ የቀላል ባቡር አገልግሎት ከተጀመረበት ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ወዲህ የከተማችን ነዋሪ በሐዲድ አጠገብ መኖርን ለምዷል። መሻገሪያው ሲርቅበት ግራ ቀኙን ተመልክቶ ሐዲዱን ረግጦ የሚያልፈው ሰው ጥቂት አይደለም። ድርጊቱ የተከለከለና አደገኛ መሆኑ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ሐዲዱን በመርገጡ ብቻ ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው ግን አናይም። ከዚህም የተነሣ «ሐዲድ ብረት ነው፤ ብረት ደግሞ ቢረግጡት ምንም አያደርግም» የሚል በቃል ያልተነገረ እምነት በውስጣችን ሳይሰርጽ አልቀረም። ይህ እምነት በአዲስ አበባ የፊዚክስ መሠረት አለው። በኒው ዮርክ፣ በለንደን ወይም በዋሽንግተን ግን ሰው ይገድላል።

በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን ተመርቀው ለትምህርትም ሆነ ለሥራ ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወጣቶች አሉ። ከዘመድ ከወዳጅ የሚቀበሉት ምክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰው ነው፤ ከሌባ ተጠንቀቅ፣ ማታ ብቻሽን አትሂጂ፣ ገንዘብህን በአንድ ኪስ አትያዝ ይባላሉ። ምክሩ መልካም ነው። ነገር ግን በሌሊት በምድር ውስጥ ባቡር የሚጓዝ ሰው ከሰው ጋር ብቻ ሳይሆን ከመቶዎች ቶን ብረት፣ ከ600 ቮልትና ከራሱ ዓይን ስሕተት ጋር ጭምር ይገናኛል። ስለነዚህ የሚነግረው ሰው እምብዛም ስለሌለ፣ ይህ ጽሑፍ በእነርሱ ላይ ያተኩራል፤ ስለ ሰውም በመጨረሻው ክፍል ጥቂት ይላል።

ለምሳሌነት የመረጥነው የኒው ዮርክን የምድር ውስጥ ባቡር ነው። ይህ ባቡር አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 27 ቀን 1904 ሲሆን፣ ዛሬ 472 ጣቢያዎች አሉት፤ በሥራ ቀን ከ3 ሚሊዮን በላይ ጉዞዎች ይካሄዱበታል። ከብዙዎቹ የዓለም ከተሞች ባቡሮች የሚለየው ሌሊቱን ሙሉ የማያቋርጥ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2020 እስከ ግንቦት 2021 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በሌሊት ለጥቂት ሰዓታት ይዘጋ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀድሞ ልማዱ ተመልሷል። የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛውም፣ ከላቦራቶሪ አምሽቶ የሚወጣው ተማሪም በዚሁ ይጓዛል። ይህን ጽሑፍ የሚያቀርበው ሰውም ለዶክትሬት ጥናቱ በዚያች ከተማ በቆየባቸው ዓመታት ከእነዚህ አንዱ ነበር።

ሁለት ከተሞች፣ ሁለት ዓይነት ሐዲድ

የአዲስ አበባው ቀላል ባቡር የሚንቀሳቀሰው በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩን የሚቀበለው ከበላዩ ከተዘረጋው ሽቦ ሲሆን፣ በሞተሮቹ ውስጥ ካለፈ በኋላ በጎማዎቹ በኩል ወደ ሐዲዱ ወርዶ ወደ ኃይል ማከፋፈያው ይመለሳል። ሐዲዱ እንግዲህ የመመለሻ መንገድ ነው። ኤሌክትሪክ ያልፍበታል፤ በእርሱና በመሬት መካከል ያለው የቮልቴጅ ልዩነት ግን አነስተኛ በመሆኑ የሚረግጠውን ሰው አይጎዳም። አደጋው ከላይ፣ ከሰው ቁመት በላይ ተሰቅሏል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡርም ከላይ በተዘረጋ የ25 ሺህ ቮልት ሽቦ ይሠራል፤ በዚያ መሥመር ፉርጎ ላይ መውጣት ሽቦውን ባይነኩትም እንኳ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

የምድር ውስጥ ባቡር የሚሄድበት ዋሻ ጠባብ ነው። ዋሻ መቆፈር ውድ ሥራ ስለሆነ፣ ከባቡሩ ጣሪያ በላይ ለሽቦ የሚሆን ቦታ መጨመር ብዙ ወጪ ያስከትላል። ስለዚህ የጥንቶቹ መሐንዲሶች ኤሌክትሪኩን ከጣሪያው ወደ መሬት አወረዱት። ባቡሩ ከሚሽከረከርባቸው ሁለት ሐዲዶች ጎን ሦስተኛ ሐዲድ ዘረጉ፤ ከፉርጎው ሥር የወጣ ብረት በእርሱ ላይ እየተንሸራተተ ኤሌክትሪክ ይቀበላል። በኒው ዮርክ ይህ ሐዲድ 600 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ተሸክሟል። ከበላዩ መከለያ ጣውላ አለው፤ ጎኑ ግን ክፍት ነው፤ ምክንያቱም ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ብረት በጎን በኩል መግባት አለበት። በጣቢያዎች ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከመድረኩ በተቃራኒው ወገን ነው። በለንደን ደግሞ አራት ሐዲዶች አሉ፤ አንደኛው ከዳር፣ ሌላው በሁለቱ መሽከርከሪያ ሐዲዶች መካከል ተዘርግተው፣ በሁለቱ መካከል በብዙ መሥመሮች ላይ 630 ቮልት ልዩነት አለ። ሰው ሊወድቅበት የሚችለው መካከለኛው ስፍራ ራሱ የቀጥታ ኤሌክትሪክ ማረፊያ ነው ማለት ነው።

አሁን የኦምን ሕግ እናስታውስ። የሰው አካል ሬዚስታንስ እንደ ቆዳው ድርቀትና እርጥበት ይለያያል፤ በዚህን ያህል ቮልቴጅ ግን የቆዳው መከላከያ ስለሚበጠስ ወደ 1000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 600 ቮልት ለ1000 ኦም ሲካፈል 0.6 አምፔር ይሰጣል። ይህ መጠን በደረት በኩል ካለፈ የልብን ምት ለማዛባት ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ ከዚያም በተጨማሪ ሥጋን ያቃጥላል።

ተማሪዎች በዚህ ላይ ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ አለ፦ ታዲያ ብሬከሩ ለምን አይቋርጥም? በቤታችን ያለው መሣሪያ የኤሌክትሪክ ማፈንገጥ ሲሰማው ይዘላል፤ የባቡሩስ? መልሱ በቁጥር ውስጥ ነው። አንድ ሙሉ ባቡር ከቆመበት ሲነሣ በሺዎች የሚቆጠር አምፔር ይስባል። የመሥመሩ ብሬከር ይህን ሁሉ ሳያቋርጥ እንዲያሳልፍ የተሠራ በመሆኑ፣ በዚህ ወንዝ ላይ የአንድ ሰው 0.6 አምፔር የጠብታ ያህል ነው፤ መሣሪያው አያየውም። ስለዚህ ሦስተኛው ሐዲድ ሰው ሲነካው በራሱ አይጠፋም። ሰው ማጥፋት አለበት።

አይጦች በሦስተኛው ሐዲድ ላይ ሲመላለሱ ያየ እንግዳ «ኤሌክትሪኩ ጠፍቷል» ብሎ ሊደመድም ይችላል። አይጧ ግን በሽቦ ላይ እንደምታርፍ ወፍ ናት፤ አራቱም እግሮቿ በአንድ ብረት ላይ እስካሉ ድረስ የቮልቴጅ ልዩነት አያገኛትም። አንድ እግሯን ሐዲዱ ላይ፣ ሌላውን መሬት ላይ ብታሳርፍ ታሪኳ በዚያው ያበቃል። እግሩ መሬት የረገጠ ሰው ከመጀመሪያውም ያለው በዚህ በሁለተኛው ሁኔታ ውስጥ ነው።

ባቡሩ ለምን ቶሎ አይቆምም?

ወደ ጣቢያ የሚገባ ባቡር በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 13.9 ሜትር ይጓዛል እንበል። ነጂው በሐዲዱ ላይ ሰው አየና የአደጋ ጊዜ ፍሬን ያዘ። አይቶ፣ ተገንዝቦ፣ እጁ እስኪታዘዝለት 1.5 ሰከንድ ይፈጃል፤ በዚህ ጊዜ ባቡሩ 21 ሜትር ተጉዟል። ከዚያ በኋላ ፍሬኑ የባቡሩን ፍጥነት በየሰከንዱ በ1.3 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። የፍጥነቱ ካሬ 193 ነው፤ ይህን ለ1.3 ሁለት እጥፍ ስናካፍል 74 ሜትር እናገኛለን። በድምሩ 95 ሜትር፣ ከእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ብዙም አያንስም። ጊዜው 12 ሰከንድ ያህል ነው።

በተመሳሳይ ፍጥነት በደረቅ አስፋልት የምትሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ14 ሜትር ገደማ ትቆማለች። ልዩነቱ ከየት መጣ? ከሰበቃ ነው። ጎማ በአስፋልት ላይ ያለው ሰበቃ ከፍተኛ ሲሆን፣ ብረት በብረት ላይ ያለው ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ባቡርን በአነስተኛ ኃይል ረጅም መንገድ ለመጎተት ያስቻለው ይኸው የብረት ልስላሴ፣ ለማቆም ሲፈለግ ደግሞ ጠላት ሆኖ ይገኛል። «ባቡሩ ከባድ ስለሆነ ሐዲዱን ይበልጥ ይጨብጣል» የሚል አለ። ክብደቱ ሰበቃውን እንደሚጨምር እውነት ነው፤ ነገር ግን መቆም ያለበትንም ቁስ በዚያው መጠን ይጨምራል፤ በስሌቱ ውስጥ መጠነ ቁስ ከላይም ከታችም ስላለ ይጣፋል። ሌላም ገደብ አለ፦ ፍሬኑ ከዚህ በላይ ቢከር በፉርጎው ውስጥ የቆሙት ተሳፋሪዎች በሙሉ አንዱ በሌላው ላይ ይወድቃሉ።

የዚህን ባቡር ጉልበት በዓይነ ሕሊና ለማየት የሚረዳ አንድ ንጽጽር እንጨምር። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ማንኛውም ነገር ያለው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ከ9.8 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ከሚያገኘው ጋር እኩል ነው። ስለዚህ ወደ ጣቢያው የሚገባው ባቡር ከሦስት ፎቅ ሕንፃ ጣሪያ ላይ እንደተለቀቀ 400 ቶን ያህል ብረት ነው።

ዓይንና ጆሮ የሚሳሳቱበት

«ባቡሩ ገና ሩቅ ነው» የሚለው ግምት ብዙ ሰው አጥፍቷል። የፉርጎው ስፋት 3 ሜትር ያህል ነው። በ150 ሜትር ርቀት ላይ ሲሆን በዓይናችን የሚሠራው ማዕዘን ከ1 ዲግሪ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ እጃችንን ዘርግተን አውራ ጣታችንን ብናይ የጣታችን ስፋት ግማሽ ይሆናል። ባቡሩ በሰከንድ 14 ሜትር እየመጣ ይህ ምስል እጥፍ እስኪሆን 5.4 ሰከንድ ይፈጃል። ለቀጣዩ እጥፍ 2.7 ሰከንድ፣ ለሚቀጥለው 1.35 ሰከንድ ብቻ። እንግዲህ ካለን ጊዜ ግማሹ የሚያልፈው ባቡሩ «የቆመ» በሚመስልበት ሁኔታ ነው፤ ከዚያ በኋላ በድንገት ያብጣል። አእምሯችን የሚያስጠነቅቀን ምስሉ ሲያብጥ ስለሆነ፣ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው ጊዜው ካለቀ በኋላ ነው። በሌሊት ደግሞ የሚታየው የፊት መብራት ብቻ በመሆኑ፣ ከጨለማ ውስጥ የወጣ አንድ ብርሃን ርቀቱን ለመገመት የሚረዳ ጎረቤት ነገር የለውም።

ድምፅም እንዲሁ ነው። በዋሻና በጣቢያ ግድግዳ ላይ የሚመላለስ የገደል ማሚቶ ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ ለመለየት የሚያስችለንን በሁለቱ ጆሮዎቻችን መካከል ያለውን ጥቃቅን የጊዜ ልዩነት ያደበዝዘዋል። በኒው ዮርክ አራት ሐዲድ ባላቸው ጣቢያዎች መካከለኛው መሥመር ላይ የሚያልፈው ባቡር ጩኸት በእኛ በኩል የሚመጣውን ይሸፍነዋል። በዚህ ላይ ማዳመጫ በጆሮው የሰካ ሰው ሲጨመር ውጤቱን መገመት አያዳግትም።

ከሁሉ የተሻለው ምልክት ነፋስ ነው። ባቡሩ ዋሻውን ሊሞላው ጥቂት ስለሚቀረው፣ በመርፌ ውስጥ እንዳለ መግፊያ ከፊቱ ያለውን አየር እየገፋ ይመጣል። ብርሃኑ ሳይታይ ነፋሱ ይደርሳል። የለመዱ ተሳፋሪዎች ጋዜጣቸውን የሚያጥፉት በዚህን ጊዜ ነው። ነፋሱ ሲሰማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ተገቢ ነው።

በመድረኩ ጠርዝ

በጠርዙ ላይ የተነጠፈው ሸካራ ቢጫ ንጣፍ በመጀመሪያ የተሠራው ለዓይነ ስውራን በእግር እንዲታወቅ ሲሆን፣ ለሌላውም ድንበር ነው። ሳይቆም የሚያልፍ ባቡር በጎኑ የሚጎትተው አየር ፍጥነቱ ከባቡሩ ጋር እኩል ቢሆን፣ በአንድ ሰው አካል ላይ 80 ኒውተን የሚደርስ ግፊት ያሳርፋል። ከጠርዙ ሲርቁ ይህ በፍጥነት ይቀንሳል፤ በአንድ ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ጸጉር ከማንቀሳቀስ ብዙም አያልፍም።

80 ኒውተን ብዙ ነውን? ይህን ለመመለስ ሰው እንዴት እንደሚወድቅ እንመልከት። 65 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው እግሮቹን ጎን ለጎን ገጥሞ ቢቆም፣ ከክብደቱ ማዕከል እስከ ጣቶቹ ጫፍ ያለው አግድም ርቀት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በትከሻው ከፍታ፣ በ1.3 ሜትር ላይ ከኋላ ቢገፋ 59 ኒውተን፣ ማለትም የ6 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ኃይል ሚዛኑን ያሳጣዋል። አንድ እግሩን አስቀድሞ አንዱን ወደ ኋላ አድርጎ ርቀቱን 30 ሳንቲ ሜትር ቢያደርስ ግን የሚያስፈልገው ኃይል 147 ኒውተን ይሆናል፤ ሁለት እጥፍ ተኩል። ይህ ስሌት ለነፋስም፣ ለጥድፊያ ሰዎች ትከሻም፣ አእምሮው ለታወከ ወይም ክፉ ለሆነ ሰው እጅም ይሠራል። ስለዚህ ባቡር ሲጠብቁ ጀርባን ለግድግዳ ወይም ለምሰሶ ሰጥቶ፣ እግርን ከፍቶ መቆም ፈሪነት አይደለም። ኒው ዮርክ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ሲያደርጉት ይታያሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በአንዳንድ ጣቢያዎች መድረክ ጠርዝ ላይ አጫጭር የብረት አጥሮች ተተክለዋል። በአጥሩ ትይዩ መቆም ይመረጣል። ነጠላ፣ ረጅም ሻርፕ ወይም የተንጠለጠለ የቦርሳ ማንገቻም በበር እንዳይያዝ ሰብሰብ ይደረጋል።

ስለ ክፍተቱም አንድ ነገር እንበል። ለንደን ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ «ክፍተቱን ልብ በሉ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ በድምፅ ማጉያ ታሰማለች። ክፍተቱ የሥራ ጉድለት ሳይሆን የጂኦሜትሪ ውጤት ነው። ፉርጎ ቀጥ ያለ ነው፤ የታጠፈ መድረክ ደግሞ የክብ ቅስት ነው። 15.5 ሜትር ርዝመት ያለው ፉርጎ 100 ሜትር ሬዲየስ ባለው ቅስት ላይ ቢቆም፣ የርዝመቱን ካሬ ለስምንት ጊዜ ሬዲየሱ ስናካፍል 30 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይወጣል። የእግር መግቢያ ነው። በኒው ዮርክ የ14ኛው መንገድ ዩኒየን ስኩዌር ጣቢያ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ክፍተቱን ለመሙላት ከመድረኩ ሥር የሚወጡ ተንቀሳቃሽ ብረቶች አሉ።

በፉርጎዎች መካከል መተላለፍ በኒው ዮርክ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደንብ የተከለከለ ነው። በኩርባ ላይ የሁለቱ ፉርጎዎች ጫፎች በተለያየ አቅጣጫ ስለሚንሸራተቱ፣ አንዱን እግር በአንዱ ሌላውን በሌላው ያሳረፈ ሰው የሚቆምበት አንድ ወለል የለውም። ጣሪያ ላይ መውጣትማ አይነገርም። በቅርብ ዓመታት ለቪዲዮ ሲሉ ጣሪያ ላይ የወጡ፣ አብዛኞቹ ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች የማይበልጡ ልጆች ሞተዋል።

የወደቀ ዕቃ፣ የወደቀ ሰው

የመድረኩ ከፍታ ከሐዲዱ በላይ 1.1 ሜትር ያህል ነው። ስልክ ከእጅ አምልጦ እዚያ ለመድረስ አንድ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ባለቤቱ ተከትሎ መውረዱ ቀላል ነው፤ መውጣቱ ግን ሌላ ነገር ነው። ለመውጣት የሚይዘው የለም፤ ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ በመጣደፍ የተንሸራተተ እግር ከኋላው የሚያገኘው ሦስተኛውን ሐዲድ ሊሆን ይችላል። ዕቃው ስልክም ይሁን ፓስፖርት ሠራተኞች ረጅም እጀታ ባለው መያዣ ያወጡታል። በእያንዳንዱ ጣቢያ ሰማያዊ መብራት ያለበት የእርዳታ መጥሪያ አለ፤ ቀዩ ቁልፍ ለአደጋ፣ አረንጓዴው ለመረጃ ነው።

ሰው ቢወድቅስ? እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 2007 በኒው ዮርክ በ137ኛው መንገድ ጣቢያ አንድ ወጣት ሕመም ጥሎት ከመድረኩ ወደቀ። በዚያ ከሁለት ልጆቹ ጋር ባቡር ይጠብቅ የነበረ የ50 ዓመት የግንባታ ሠራተኛ ዘሎ ወረደ። ሊያነሣው ሞከረ፤ አልቻለም። የፊዚክሱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ ራሱን የማይረዳ አካል 1.1 ሜትር ከፍ ለማድረግ 755 ጁል ሥራ ያስፈልጋል፤ ብርቱ ሰው እንኳ ይህን ለመፈጸም በርካታ ሰከንዶች ይፈጅበታል፤ ባቡሩ ደግሞ ደርሷል። ሰውየው ወጣቱን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ባለው የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ አስተኝቶ በላዩ ተኛበት፤ በርካታ ፉርጎዎች በላያቸው አለፉ፤ ሁለቱም ተረፉ። ታሪኩ ዓለምን አስደንቋል፤ መደነቁም ተገቢ ነው። ሆኖም እንደ መመሪያ ሊወሰድ አይገባም። ሁሉም ጣቢያ እንዲህ ያለ ቦይ የለውም፤ ለንደን ላይማ በመካከል ያለው ኤሌክትሪክ ነው።

ቀደም ሲል ያሰላነው 95 ሜትር ሌላ መንገድ ያሳየናል። ሰው ሲወድቅ ያየ ተሳፋሪ ከሁሉ የሚበልጠውን እርዳታ ሊሰጥ የሚችለው ባቡሩ ወደሚመጣበት የመድረኩ ጫፍ እየሮጠ እጁን ወይም ልብሱን ከጎን ወደ ጎን በኃይል በማወዛወዝ ነው። ነጂዎች በኃይል የሚወዛወዝን ማንኛውንም ነገር እንደ «ቁም» ምልክት እንዲወስዱ ተምረዋል። በ183 ሜትር መድረክ ላይ የሚገኘው እያንዳንዱ ሜትር የሕይወት ሜትር ነው። ሌላ ሰው በዚያው ጊዜ መጥሪያውን ይጫን፤ በዋሻው ግድግዳ ላይ የሚታየው ሰማያዊ መብራትም የሦስተኛው ሐዲድ ኃይል የሚቋረጥበትንና ስልክ የሚገኝበትን ስፍራ ያመለክታል። ሦስተኛውን ሐዲድ የነካ ሰው ኃይሉ መቋረጡ ሳይረጋገጥ በእጅ አይነካም። የወደቀው ራሱ ቢሆን፣ መራመድ ከቻለ ከሚመጣው ባቡር ሽሽቶ በመድረኩ ጫፍ ወዳለው መወጣጫ ይሂድ፤ ጊዜ ከሌለ በመሥመሮቹ መካከል በሚገኙት ምሰሶዎች መሐል ተጠግቶ መቆም ይቻላል።

የሌሊቱ ሰዓትና የሌሊቱ ሰው

በኒው ዮርክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋት ባቡሮች በየ20 ደቂቃው ገደማ ይመጣሉ። ሰዓቱን ሳያይ የሚወጣ ሰው በአማካይ 10 ደቂቃ እጠብቃለሁ ብሎ ያስባል። ይህ እውነት የሚሆነው ባቡሮቹ እኩል ሲራራቁ ብቻ ነው። አንዱ ክፍተት 10፣ ሌላው 30 ደቂቃ ቢሆን አማካዩ ያው 20 ነው፤ ነገር ግን ድንገት የሚመጣ ሰው በረጅሙ ክፍተት ውስጥ የመግባት ዕድሉ ሦስት እጥፍ ስለሆነ፣ አማካይ ጥበቃው 12.5 ደቂቃ ይሆናል። ስለዚህ በስልክ የባቡሩን መድረሻ አይቶ መውጣት በባዶ መድረክ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ ያሳጥራል፤ በሌሊት ተጋላጭነት ማለት ደግሞ ይኸው ጊዜ ነው። በቀን ፈጥነው የሚያልፉ አንዳንድ መሥመሮች በሌሊት በየጣቢያው ይቆማሉ፤ የ«ኤ» ባቡር ለዚህ ምሳሌ ነው፤ «ሲ» የሚባለው ግን በሌሊት ጭራሽ አይሠራም። አረንጓዴ ሉል መብራት ያለበት የጣቢያ መግቢያ ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ቀዩ በሌሊት ሊዘጋ ይችላል። በጨለማ መንገድ እስከ ቀይ መብራት ሄዶ መመለስን የሚያስቀር ዕውቀት ነው።

በመድረኩ ላይ ከሠራተኛ ዓይን ሥር የሆነ፣ በቢጫ ሰሌዳ የተመለከተ የሌሊት መጠበቂያ ስፍራ አለ። ባቡሩ ሲቆም ኮንዳክተሩ የሚገኘው በመካከለኛው ፉርጎ ነው፤ በመድረኩ መካከል ከተሰቀለው ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ያለበት ሰሌዳ ትይዩ ይቆማል፤ ባቡሩ በትክክለኛው ስፍራ መቆሙን ለማረጋገጥም ሰሌዳውን በጣቱ ማመልከት ግዴታው ነው። እንግዲህ ያንን ሰሌዳ ፈልጎ ከሥሩ የቆመ ሰው ኮንዳክተሩ ካለበት ፉርጎ ጋር መግጠሙ አይቀርም።

በአንድ የመኪና ማቆሚያ በሌሊት ፈረቃ ይሠሩ የነበሩ የጎንደር ሰው በአንድ ወቅት አብረን ስንጓዝ፣ ሌሎቹ ፉርጎዎች ሞልተው አንዱ ባዶ ሆኖ ሲቆምልን ልገባ ስል ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ በዚህ አገር ባዶ ፉርጎ ስታይ ደስ አይበልህ፤ ሰው የሸሸው ነገር አለ» አሉ። የስታቲስቲክስ መምህር ከዚህ የተሻለ ሊናገር አይችልም። ተሳፋሪ በፉርጎዎች መካከል በዘፈቀደ ቢከፋፈል ኖሮ፣ ጎረቤቶቹ እያንዳንዳቸው 20 ሰው ይዘው አንዱ ብቻ ባዶ የመሆኑ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነበር። ምክንያቱ የተበላሸ ማቀዝቀዣ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስፈራ ሰውም ሊሆን ይችላል። ሰው ወዳለበት መግባት ይሻላል።

ስልክ ነጣቂዎች የሚሠሩት በሩ ሊዘጋ ሲል ነው። ነጥቆ ለመውጣት አንድ ሁለት ሰከንድ ይበቃል፤ በሩ ከተዘጋ በኋላ ተከትሎ የሚሄድ የለም። ከበሩ አጠገብ ስልክ አለማውጣት፣ ከበሩ ርቆ መቀመጥ ይህን ስሌት ያበላሽባቸዋል። እንቅልፍም እንዲሁ አሳልፎ ይሰጣል፤ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች የሚወርዱበትን ጣቢያ የሚያስታውስ ማንቂያ በስልካቸው ሞልተው ስልኩን በውስጥ ኪስ ያኖሩታል።

ሌሎች ከተሞች በሌላ መንገድ መልሰውታል። ለንደን ከነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንዳንድ መሥመሮች ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ብቻ ባቡር ታሄዳለች። በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የዱባይ ሜትሮ ነጂ የለውም፤ መድረኩም ከሐዲዱ በመስታወት ግድግዳ ተለይቶ በሩ የሚከፈተው ባቡሩ ከቆመ በኋላ ብቻ ስለሆነ፣ ከላይ የተነገረው የመውደቅ አደጋ ከመሠረቱ ተነሥቷል፤ ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ስፍራም አለው። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ሐዲዱ 750 ቮልት ተሸክሟል፤ ባቡር ሲቃረብ በመድረኩ ጠርዝ የተቀበሩት መብራቶች ብልጭ ድርግም ይላሉ። ባቡሩ ግን ሌሊቱን ሙሉ አይሠራም፤ የመጨረሻው የሚነሣበት ሰዓት ከጣቢያ ጣቢያ ስለሚለያይ፣ ሲገቡ በየጣቢያው የተለጠፈውን ማየት ያስፈልጋል።